ከሞጣ እስከ ባሕር ዳር፦ የእንግሊዝኛ ቃል አሠራር

የጎጃምን ከተሞች ስም ተራ በተራ ለጠራ ሰው የቃል አሠራር ትምህርት ግማሹ አልቆለታል። ሞጣ፣ ቡሬ፣ ደጀን፣ ብቸና እያንዳንዳቸው አንድ ወጥ ናቸው፤ ሞጣን ለሁለት ብትከፍሉት «ሞ» እና «ጣ» ለየብቻቸው የሚሉት ነገር የለም። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላምና ባሕር ዳር ግን ከሁለት ሁለት ቃል የተሠሩ ናቸው። በእነዚህም መካከል ጠጋ ብሎ ለሚያይ ሌላ ልዩነት አለ። ፍኖተ ሰላም የሰላም መንገድ ነው፤ ዋናው ነገር፣ መንገዱ፣ ፊት ተቀምጧል። ባሕር ዳር የባሕር ዳርቻ ነው፤ ዋናው ነገር፣ ዳሩ፣ ኋላ መጥቷል። የመጀመሪያው የግእዝ ሥርዓት ነው፣ ሁለተኛው የአማርኛ። እንግሊዝኛ በዚህ ጉዳይ የባሕር ዳር ወገን ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል፤ ባዮሎጂውም፣ ታሪኩም። ያን ጊዜ ብዙ ተማሪ የሚይዘው መንገድ አንድ ነው። ደብተሩን ለሁለት ያሰምርና በግራ ቃሉን፣ በቀኝ ፍችውን ጽፎ ይሸመድዳል። በእኔ አስተያየት ድካሙና ትርፉ አይመጣጠኑም። ከሚሸመደዱት ቃላት ብዙዎቹ አዲስ አይደሉም፤ ቀድሞ የታወቁ ክፍሎች በሌላ ተራ ተቀጣጥለው ነው። ይህ ዓይነቱ አስተያየት ደግሞ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዲማና በዋሸራ የቅኔ ቤቶች ስንት ዘመን ግስ ሲወርድ የኖረው ቃልን በአሠራሩ ለመመደብ ነው። የቅኔ ተማሪ አንድ ግስ ሲያገኝ መጀመሪያ ቤቱን ይፈልጋል፤ የቀተለ ቤት ነው ወይስ የቀደሰ? ቤቱ ከታወቀ እርባታው ይታወቃል፦ ቀተለ፣ ይቀትል፣ ይቅትል። ከዚያ ቀታሊ፣ ቅቱል፣ ቀትል እያለ ዘሩ ይወጣል። እርባታ አንድ ነገር፣ ዘር ማውጣት ሌላ ነገር መሆኑን ያዙልኝ፤ የእንግሊዝኛም አከፋፈል የቆመው በዚሁ ልዩነት ላይ ነው።

ከመከፋፈሉ በፊት ግን የሚከፋፈለው ነገር ራሱ ምን እንደሆነ መታወቅ አለበት። ቃል ምንድን ነው? ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ከወረቀት ላይ የተወሰደ ነው፦ ግራና ቀኙ ባዶ ቦታ ያለው የፊደላት ስብስብ። የብራና ጸሐፊዎቻችን በባዶ ቦታው ፈንታ ሁለት ነጥብ ያደርጉ ነበር። ይህ መልስ ለዕለት ሥራ ይበቃል፤ ሲፈትሹት ግን ይፈርሳል። «ፍላወርፖት» የሚባለውን የአበባ ማሰሮ አንዱ እንግሊዛዊ ገጥሞ ይጽፈዋል፣ ሌላው ለያይቶ፣ ሌላው ደግሞ በመካከሉ ሰረዝ ያስገባል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የሾርተር ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት 6ኛ እትም ከ16,000 ገደማ ቃላት ላይ ሰረዙን አንሥቷል። እንደ «ክራይቤቢ»፣ ማለትም አልቃሻ፣ ያሉት ተገጥመው አንድ ሆኑ፤ እንደ «አይስ ክሪም» ያሉት ተለያይተው ሁለት ሆኑ። የአይስ ክሪም ጣዕምም ሆነ የተናጋሪው አፍ ግን በዚያ ዓመት ምንም አልተለወጠ። ስለዚህ ባዶ ቦታ የአጻጻፍ ልማድ እንጂ የቃል ማንነት መለኪያ አይደለም። እኛም ብንሆን «ባሕር ዳር»ን ለያይተን እየጻፍን አንድ ከተማ ነው የምንለው።

ከጽሑፍ ይልቅ የሚታመኑ ሌሎች መፈተኛዎች አሉ። አንዱ በመካከል ሌላ ነገር ማስገባት ነው። «ባሕሩ ዳር ቆመ» ካልን ሰውየው ውሃው አጠገብ ነው፤ «ባሕር ዳር ገባ» ካልን ከተማው ውስጥ ነው። አንዲት «ኡ» በመካከል ስትገባ ከተማው ፈረሰ ማለት ነው። በእንግሊዝኛም እንዲሁ ነው። «ብላክ ቦርድ» ጥቁር የሆነ ማንኛውም ሰሌዳ ሲሆን በጣም ጥቁር ነው ለማለት ፊቱ ላይ «ቬሪ» መጨመር ይቻላል። «ብላክቦርድ» ግን የመምህሩ መጻፊያ ነው፤ «ቬሪ ብላክቦርድ» አይባልም፣ አረንጓዴ ቢቀባም ብላክቦርድ ከመባል አይቀርም። በአማርኛም አረንጓዴውን «ጥቁር ሰሌዳ» ስንል ማንም አይስቅብንም። ሁለተኛው መፈተኛ ጆሮ ነው። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል ውስጥ አንዱን ክፍለ ድምፅ ከሌሎቹ ይልቅ ጠበቅና ከፍ አድርጎ ይጠራል። በብላክቦርድ ኃይሉ በ«ብላክ» ላይ ብቻ ያርፋል፤ ሁለት ቃል ሲሆን ግን «ቦርድ»ም የራሱን ድርሻ ያገኛል። ለእኛ ጆሮ ይህ ልዩነት ረቂቅ ነው፤ ለእነሱ ግን ግሪንሃውስ፣ ማለትም የመስተዋት የአትክልት ቤት፣ አረንጓዴ ከተቀባ ቤት የሚለየው በዚሁ ነው።

አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ሊዮናርድ ብሉምፊልድ እ.ኤ.አ. በ1933 ባሳተመው ሥራው ቃልን ብቻውን መነገር የሚችል ትንሹ አሃድ ብሎ አስቀምጦታል። «ምን ገዛህ?» ተብሎ «በግ» ብሎ መመለስ ይቻላል፤ «ኦች» ብሎ መመለስ ግን አይቻልም። ስለዚህ «በግ» ቃል ነው፣ «ኦች» አይደለም። ይህ ብያኔ አሁንም በየትምህርት ቤቱ ይጠቀሳል፤ ቢሆንም ቀዳዳ አለው። የእንግሊዝኛ «ዘ» እና «ኦፍ» ለጥያቄ መልስ ሆነው ብቻቸውን ሲነገሩ አይሰማም፤ ቃል አይደሉም የሚል ግን የለም። ብላክቦርድም በተራው ብቻቸውን ሊነገሩ ወደሚችሉ ሁለት ክፍሎች ይከፈላል። ሊቃውንቱ ዛሬ የሚያደርጉት አንዱን መፈተኛ መምረጥ ሳይሆን ሁሉንም አንድ ላይ መያዝ ነው። አብዛኞቹ ቃላት ሁሉንም ያልፋሉ፤ ጥቂቶች ዳር ላይ ይንጠለጠላሉ። ለምሳሌ «ዶንት» አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ሁለቱንም መልስ የሚከራከርለት ሰው አያጣም።

አንድ ሌላ ጥንቃቄ እዚህ ላይ ያስፈልጋል። «ጎ፣ ጎዝ፣ ጎይንግ፣ ጎን፣ ዌንት» ስንት ቃል ናቸው? ለሚጽፋቸው አምስት፣ በመዝገበ ቃላት ለሚፈልጋቸው አንድ፤ ሁሉም «ሄደ» በሚለው ሥር ይወድቃሉ። ስለ ቃል ቁጥር የሚነሣው ክርክር ብዙ ጊዜ ይህን ካለመለየት የሚመጣ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ትርጉም ያላት፣ ከዚያ በላይ ብትከፈል ትርጉሟ የሚጠፋ ትንሿ የቃል ክፍል በሰዋስው መጻሕፍታችን ምዕላድ ትባላለች። ብቻዋን መቆም የምትችለው ነጻ ምዕላድ፣ የማትችለው ጥገኛ ምዕላድ። እዚህ ላይ የቃሉ ርዝመት ያሳስታል። «ክሮኮዳይል»፣ አዞ፣ ረጅም ቢሆንም አንድ ምዕላድ ነው፤ እንደ ሞጣ ነው። «ኦክስን»፣ በሬዎች፣ አጭር ቢሆንም ሁለት ነው፦ ኦክስ በሬ፣ «-ን» ደግሞ ብዙ ቁጥር።

በዚህ መሠረት የእንግሊዝኛ ቃላት በአሠራራቸው አራት ወገን ይሆናሉ። አንድ ነጻ ምዕላድ ብቻ ያላቸው ነጠላ ቃላት አሉ፤ «ማን» ሰው፣ «ሪቨር» ወንዝ። ነጻው ላይ ጥገኛ የተቀጠለባቸው አሉ፤ «ቲች» ማስተማር፣ «ቲቸር» አስተማሪ። ሁለት ነጻ ክፍሎች የተገጠሙባቸው ጥምር ቃላት አሉ፤ «ፉትቦል» እግር ኳስ። በመጨረሻም መጀመሪያ ተጣምሮ በላዩ የተቀጠለበት አለ፤ «ፉትቦለር» እግር ኳስ ተጫዋች። የመጨረሻው ላይ መጀመሪያ የሚጣመረው ፉት እና ቦል ነው፤ «-ኧር» የምትመጣው በሁለቱ አናት ላይ ነው። «ብሉ-አይድ»፣ ዓይነ ሰማያዊ፣ እንደዚሁ ነው፤ «-ድ» የተቀጠለችው በ«ዓይን» ላይ ሳይሆን «ሰማያዊ ዓይን» በሚለው በሙሉው ላይ ነው።

ጥገኞቹ ደግሞ እንደ ቅኔ ቤቱ ሁለት ይሆናሉ፤ የሚያረቡና ዘር የሚያወጡ። የሚያረቡት ቃሉን አይለውጡትም፣ ለዓረፍተ ነገሩ እንዲስማማ ብቻ ያደርጉታል። በእንግሊዝኛ ስምንት ብቻ ናቸው። ለስም ሁለት፦ ብዙ ቁጥርና ባለቤትነት። ለግስ አራት፦ የ«ሂ፣ ሺ፣ ኢት» ኤስ፣ ያለፈው ጊዜ፣ «-ኢንግ»፣ እና ከ«ሃቭ» በኋላ የሚመጣው ቅርጽ። ለቅጽል ሁለት፦ «ቶለር» ይበልጥ ረጅም፣ «ቶለስት» ከሁሉ ረጅም። ስምንቱም መነሻቸው ከቃሉ ኋላ የሚገባ ቅጥያ ነው፤ ከፊት የሚገባ አንድም የለም። «አልነገርኩሽም» ብሎ በአንድ ቃል አፍራሹን፣ ባለቤቱን፣ ተሳቢዋንና ጊዜውን ለሚናገር ሰው ይህ እጅግ ትንሽ ነው። እንግሊዝኛው ለዚህ «አይ ዲድ ኖት ቴል ዩ» ብሎ አምስት ቃል ይደረድራል። የእንግሊዝኛ እርባታ ከባድ ነው የሚለው ወሬ ስለዚህ አይገባኝም፤ ከባዱ ሌላ ቦታ ነው።

ከባዱ አንዱ አጠራሩ ነው። የብዙ ቁጥሯ ኤስ በጽሑፍ አንድ ብትመስልም በአፍ ሦስት ናት። «ካፕ» ኩባያ ሲበዛ «ካፕስ»፣ «ዶግ» ውሻ ሲበዛ «ዶግዝ»፣ «በስ» አውቶቡስ ሲበዛ «በሲዝ»። እንደ ፕ፣ ት፣ ክ ጉሮሮ ሳይነዝር ከሚወጣ ድምፅ በኋላ ስ፤ ነዛሪ ከሆነው በኋላ ዝ፤ ራሱ ከሚያፏጨው፣ ከስ፣ ከሽ፣ ከች ወገን በኋላ ደግሞ ኢዝ። ያለፈው ጊዜም ያው ነው፦ «ወርክት» ሠራ፣ «ፕሌይድ» ተጫወተ፣ «ዎንቲድ» ፈለገ። ብዙዎቻችን ሦስቱንም በ«-ኢድ» እንጨርሳቸዋለን። ፊደሉን ስለምናምን ነው፤ የእኛ ፊደል የጻፉትን ያነባል፣ የእነሱ አያነብም።

ዘር የሚያወጡት ግን ቁጥራቸው ብዙ፣ ሀብታቸውም ሰፊ ነው። ከፊት የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ትርጉሙን እንጂ የቃሉን ክፍል አይነኩም፤ «ሃፒ» ደስተኛ ቅጽል ነው፣ «አንሃፒ»ም ቅጽል ነው። ከዚህ የሚያፈነግጡ አሉ፤ «ላርጅ» ሰፊ የነበረው «ኢንላርጅ» ሲሆን ማስፋት፣ ግስ፣ ይሆናል። ከኋላ የሚገቡት ግን ብዙ ጊዜ ክፍሉን ይለውጣሉ። «-ነስ» እና «-መንት» ስም ያወጣሉ፤ «-ፉል»፣ «-ለስ» እና «-ኤብል» ቅጽል ያወጣሉ፤ «-አይዝ» እና «-ኢፋይ» ግስ። ለዚህ ነው ትርጉሙን የማናውቀው ቃል ሲገጥመን መጀመሪያ መጨረሻውን ማየት የሚጠቅመው፤ ቢያንስ ስም ይሁን ቅጽል ይነግረናል። በጭፍን ግን አይታመንም። «-ሊ» ተውሳከ ግስ ያወጣል ተብሎ ከተሸመደደ «ፍሬንድሊ»፣ ተግባቢ፣ የሚለው ቅጽል ተማሪውን ይጥለዋል። «ኧር»ም ሦስት መልክ አላት፦ በ«ቲቸር» ዘር አውጪ፣ በ«ቶለር» እርባታ፣ በ«ሪቨር» ግን የቃሉ ሥጋ ናት። «ሪቭ» የሚያደርግ ሰው ሪቨር አይባልም።

ክፍሎቹ የሚቀጣጠሉት ደግሞ ዝም ብለው በሰልፍ አይደለም፤ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ እየተጠቀለለ ነው። ዘር የሚያወጣው ውስጥ፣ የሚያረባው ውጭ። «ቲቸርስ» ይባላል፤ ብዙ ቁጥሯ ኤስ በ«ቲች» እና በ«-ኧር» መካከል ልትገባ አትችልም። በጥምር ቃልም እንዲሁ ነው። ጥርስ «ቱዝ»፣ ጥርሶች «ቲዝ»፤ የጥርስ ብሩሽ ግን ሁሉንም ጥርስ የሚቦርሽ ቢሆንም «ቱዝብራሽ» ነው። ሲበዛም «ቱዝብራሺዝ» ነው፤ መብዛቱ ዳር ላይ ይታያል እንጂ ውስጡ አይነካም።

የንብርብሩን ነገር ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው «አንሎኬብል» የሚለው ቃል ነው። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው፦ «አን-» ማፍረሻ፣ «ሎክ» መቆለፍ፣ «-ኤብል» መቻል። መጀመሪያ ሎክን ከኤብል ብታገናኙ «ሊቆለፍ የሚችል» ይሆናል፤ በዚያ ላይ አን ሲመጣ «ሊቆለፍ የማይችል»። ጓጉንቸሩ የወለቀ ሳጥን ይሆናል። መጀመሪያ አንን ከሎክ ብታገናኙ ግን «አንሎክ»፣ ቁልፍ መክፈት፣ ይሆናል፤ በዚያ ላይ ኤብል ሲመጣ «ቁልፉ ሊከፈት የሚችል»። ይህ ደግሞ ቁልፉ በእጃችን ያለ ደህና ሳጥን ነው። ያው ፊደል፣ ያው ድምፅ፣ ሁለት ተቃራኒ ሳጥን። ኅብርን፣ ማለትም አንዱ ቃል ሁለት ትርጉም የሚይዝበትን የቅኔ ስልት፣ የለመደ የጎጃም ጆሮ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ቅኔ ዘራፊ አስቦ የሚያደርገውን እንግሊዝኛ ሳያስብ አድርጎታል። «አንሃፒነስ» ግን እንዲህ አይከፈትም፤ «አን-» ቅጽልን እንጂ «-ነስ»ን ያገኘ ስምን እምብዛም ስለማትወድ መንገዱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ አንሃፒ፣ ከዚያ ነስ፣ ደስተኛ አለመሆን።

ወደ ጥምር ቃል ስንመለስ፣ እንግሊዝኛ የባሕር ዳር ወገን ነው ብያለሁ። ዋናው ነገር ከኋላ ነው። «ቦትሃውስ» ቤት ነው፤ በጣና ዳር ጀልባ የሚያድርበትን ዓይነት ማለት ነው። «ሃውስቦት» ጀልባ ነው፤ ሰው የሚኖርበት። ተራውን መገልበጥ ነገሩን መገልበጥ ነው። አማርኛ እዚህ ላይ ሁለት ልብ ነው፤ «ትምህርት ቤት» ሲል ቤቱን ከኋላ፣ «ቤተ መጻሕፍት» ሲል ከፊት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ከግእዝ ስለመጣ ነው። ከፍኖተ ሰላም የመጣ ተማሪ እንግሊዝኛውን ሲያነብ ይህን ካላሰበ ጀልባውን ቤት ያደርገዋል። ለዚህም ጥቂት አመፀኞች አሉት። «ፒክፖኬት» የኪስ ዓይነት አይደለም፣ ኪስ አውላቂው ሌባ ነው። «ማዘር-ኢን-ሎው»፣ አማት፣ ዋናዋ ከፊት ስለሆነች ሲበዛ «ማዘርስ-ኢን-ሎው» ይላል፤ ቅጥያዋ መካከል ትቀራለች። የተጣመሩ መሆናቸው የተረሳም አለ። «ብሬክፋስት» ቁርስ ነው፤ «ብሬክ» መስበር፣ «ፋስት» ጾም። ሲጠራ ግን «ብሬክፋስት» ወደ «ብረክፈስት» ተለሳልሶ ጾሙም መስበሩም አይሰማም።

ነጻም ቅጥያም ያልሆኑ ክፍሎችም አሉ። «ሪሲቭ» መቀበል፣ «ዲሲቭ» ማታለል፣ «ፐርሲቭ» መገንዘብ፤ ሦስቱም ላይ «ሲቭ» አለ፣ ግን ብቻውን «ሲቭ» የሚል ከእነዚህ ጋር የሚዛመድ ቃል የዛሬው እንግሊዝኛ የለውም። ከላቲን ሲመጡ ተከትሏቸው የገባ ነው። ለተማሪ ከዚህ የሚበልጠው የግሪክኛው ክምችት ነው፤ የሳይንስ መጻሕፍት ግማሽ ሸክም እሱ ነውና። «ባዮ» ሕይወት፣ «ጂኦ» ምድር፣ «ሃይድሮ» ውሃ፣ «ቴርሞ» ሙቀት፣ «ፎቶ» ብርሃን፣ «ሎጂ» ጥናት፣ «ሜትር» መለኪያ። ጥቂቶቹን ያወቀ ሰው ባዮሎጂን፣ ጂኦሎጂን፣ ቴርሞሜትርን አይሸመድድም፤ ይፈታቸዋል። የጢስ ዓባይ ጣቢያ «ሃይድሮኤሌክትሪክ» የተባለው በውሃ ኃይል መብራት ስለሚያመነጭ ነው። «ፎቶሲንተሲስ»ም በብርሃን ማዋሐድ ነው፤ ቅጠሉ የሚሠራውን ሥራ ስሙ ራሱ ይናገራል።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ክፍሎቹ ጎን ለጎን ወይም አንዱ በሌላው ላይ በሚቀመጡበት ቃል ይሠራል። አማርኛና ግእዝ ግን ዋና ሥራቸው ሌላ ነው፤ ሥሩ ተነባቢ ብቻ ሆኖ አናባቢው በመካከሉ ይመላለሳል። ስ፣ ብ፣ ር ከሚሉት ሦስት ድምፆች ሰበረ፣ ሰባሪ፣ ሰባራ፣ ስብራት፣ ስብርባሪ ይወጣሉ። እንግሊዝኛ «ብሬክ»ን ይዞ «ብሬከር»፣ «ብሬኬብል»፣ «አንብሬኬብል» ሲል ግንዱን አይነካም፤ ቀለሙ እንዳለ ነው። ይሁንና ከድሮ የተረፉ የውስጥ ለውጦች አሉት፦ «ብሬክ» ሲያልፍ «ብሮክ»፣ «ሲንግ» ዘፈነ ለማለት «ሳንግ»፣ «ፉት» እግር ሲበዛ «ፊት»፣ «ማን» ሲበዛ «ሜን»። መምህራን «ከደንብ ውጭ» እያሉ የሚያስሸመድዷቸው እነዚህ ናቸው፤ ለእኛ ተማሪ ግን የግንድ አናባቢ መለወጥ የእናት ቋንቋው ጠባይ ስለሆነ ባይፈራቸው ይሻለዋል። «ጎ» በ«ዌንት» መተካቱ ብቻ ምንም ማስታረቂያ የለውም፤ ከሌላ ግስ የተወሰደ ነው።

ቃል በመቀጠል ብቻ ሳይሆን በመቁረጥም ይወለዳል። «ኤግዛሚኔሽን» ተቆርጦ «ኤግዛም»፣ «ኦምኒበስ» ተቆርጦ «በስ» ሆኗል። «ስሞክ» ጭስና «ፎግ» ጉም ተጋጭተው «ስሞግ»ን ሰጥተዋል። «ራዳር» ከቃላት መነሻ ፊደላት የተለቀመ ነው። «ኤዲት» ደግሞ አስቂኝ ነው፤ «ኤዲተር» ቀድሞ ነበር፣ ሰዎች መጨረሻውን የ«ቲቸር» ዓይነት ቅጥያ መስሏቸው ቆረጡትና ግስ አወጡበት።

አሠራር ጨርሶ የማይናገርበት ቦታ ግን አንድ አለ። «ዎተር» ውሃ ነው፤ ምንም ሳይጨመርበት ምንም ሳይቀነስለት ማጠጣትም ነው። በዚህ ጊዜ ቃሉን መፍታት አይረዳም፤ ጎረቤቱን ማየት ነው። «ዘ» ከቀደመው ስም፣ «ቱ» ከቀደመው ብዙ ጊዜ ግስ። በአንዳንዶቹ ጥንዶች አፍ ልዩነቱን ይጠብቃል፤ ኃይሉ ከፊት ካረፈ «ሬኮርድ» መዝገብ ነው፣ ከኋላ ካረፈ «ሪኮርድ» መመዝገብ ነው፤ «ኤክስፖርት» እና «ፐርሚት»ም እንዲሁ። በ«ዎተር» ግን አጠራሩም አንድ ስለሆነ አንባቢው የሚይዘው ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ቃላት ብቻ ነው።